ስለ ነጭ ማርና ስለ ምስክርነቱ

ማር ሁሉ ጣፋጭ ነው፤ ማር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከነጌሌ ቦረና ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የገናሌን ወንዝ ተሻግሮ ደሎ መናን ካለፈ በኋላ፥ ከቆላው እሾሃማ ምድር ወጥቶ ወደ ሐረና ደን ይገባል። በቆላው ንብ ከግራር አበባ ማር ትሠራለች፤ በቦረና ከሚበቅሉትም ግራሮች አንዱን የዕፅዋት ሊቃውንት በላቲን ቋንቋ «ማር ሰጪ» ብለው ሰይመውታል። በደኑ ውስጥ ግን ከዚህ የተለየ ማር ይገኛል፤ እርሱም የጌተም ማር ነው።

ጌተም ትልቅ የደን ዛፍ ነው። ዘሩ ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላል፤ ከዚያም ሥሩን ወደ ምድር አውርዶ በኋላ ራሱን ችሎ ይቆማል። በበልግ ወራት ሲያብብ ንቦች ይሰበሰቡበታል። ማሩ ነጭ ነው፤ ሲረጋም ቅቤ ይመስላል። ጣዕሙ ልዝብ፥ ሽታው ቀላል ነው፤ ጉሮሮን አያቃጥልም። በአንጻሩ የብሳና ማር ጠቈር ይላል፤ የግራዋ ማር ደግሞ ጥቂት ምሬት አለበት። አንዲቱ ንብ እነዚህን ሁሉ ትሠራለች፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከአበባው ነው። እያንዳንዱ አበባ ለንቧ በሚሰጠው ፈሳሽ ውስጥ የራሱን ቀለም፥ ሽታና ጨው ይጨምራልና።

ነገር ግን በደን ውስጥ ብዙ ዓይነት አበባ ሳለ ማሩ የአንድ አበባ ብቻ እንዴት ሊሆን ቻለ? የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ንብ በአንድ ጉዞዋ ከአንድ ዓይነት አበባ ወደ ሌላ ዓይነት እንደማትሄድ ገና በጥንት ዘመን ጽፎአል። በኦስትሪያ የተወለደው ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ ደግሞ ንቧ ከመስክ ስትመለስ በቀፎው ውስጥ እየተወዛወዘች አበባው ያለበትን አቅጣጫና ርቀት ለጓደኞቿ እንደምትነግር አስረዳ፤ ስለዚህም በ1966 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ ተቀበለ። እንግዲህ አንዲት ንብ ያገኘችውን ብዙዎች ይከተሉታል፤ ጌተምም በሙሉ ሲያብብ ቀፎው ሁሉ ወደ እርሱ ይተማል። መርማሪዎች የማሩን አበባ ለማወቅ በማሩ ውስጥ የቀረውን የአበባ ዱቄት በአጉሊ መነጽር ይቈጥራሉ፤ ከመቶው 45 ወይም ከዚያ በላይ የአንድ አበባ ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ማሩን በዚያ አበባ ስም ይጠሩታል።

ሆኖም የንቧ ታማኝነት ብቻውን አይበቃም፤ የሰውም ታማኝነት ያስፈልጋል። ንብ አርቢው ቀፎውን በረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ማሩንም በጨለማ ወጥቶ በጭስ ንቦቹን እያራቀ ይቈርጣል። የጌተም አበባ ካለቀ በኋላ ቢዘገይ የብሳናና የሌላም አበባ ማር ይገባበትና ነጭነቱ ይጠፋል። ጭስ ቢያበዛ ጣዕሙ ይበላሻል። ነጩን ከጥቁሩ ጋራ በአንድ ዕቃ ቢጨምረው የንቧ የወራት ድካም በአንድ ቀን ስንፍና ከንቱ ይሆናል።

በገበያ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ክፉ ነጋዴ ስኳርን በማር ላይ ይቀላቅላል። ገዢውም ይህን ስለሚፈራ፥ ረግቶ ያየውን ነጭ ማር «ስኳር ነው» ብሎ ይንቀዋል፤ ቀጥኖ የሚፈሰውንም ይመርጣል። በዚህ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ሰው ይጐዳል። በማር ውስጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ስኳሮች አሉና፥ ግሉኮስ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል። መርጋቱ ስለዚህ የሐሰት ምልክት አይደለም፤ መፍሰሱም የእውነት ማረጋገጫ አይደለም። የረጋ ማር ዕቃው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ተመልሶ ይቀልጣል። ማሩን በመልኩ ብቻ የሚፈርድ ሰው ታማኙን ሻጭ ሌባ ያደርገዋል፤ ሌባውንም ያበለጽገዋል። ታማኙም ደጋግሞ ከከሰረ በኋላ ነጭ ማር ለይቶ መቍረጡን ይተዋል።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጥ ጥፋት አለ፤ እርሱም ዛፉን መቍረጥ ነው። ጠጅ ጣይ ከሌላ ማር ጠጅ ሊጥል ይችላል፤ ጌተም ካለቀ ግን የጌተምን ማር ሊሠራ የሚችል ንብም ሰውም የለም። ሐረና ያለበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ከምሳር አያድንም። ቀፎውን በዛፉ ላይ የሰቀለ ሰው ግን ለዛፉ ጠባቂ ይሆናል፤ የልጆቹ ልብስና የትምህርታቸው ገንዘብ ከዚያ ዛፍ ይወርዳልና። ማሩን በተገቢው ዋጋ የሚገዛውም፥ ነጌሌ ተቀምጦ ሳለ ደኑን ይጠብቃል።

ማር የማይናገር ምስክር ነው። ንቧ የት እንደ ዋለች፥ ሰውየው መቼ እንደ ቈረጠ፥ ነጋዴውም ምን እንደ ጨመረበት በውስጡ ተጽፎአል። የሰውም ሥራ እንዲሁ ነው፤ ሠሪው ዝም ቢል እንኳ የቀመሰው ሁሉ ያውቀዋል።