ተጨማሪ መረጃ፦ የፈረስ መኖ የፕሮቲን ጥራት

በመኖ ከረጢት ላይ የሚጻፈው የፕሮቲን መቶኛ ብዛትን እንጂ ጥራትን አይናገርም። ቤተ ሙከራ የሚለካው ናይትሮጂንን ነው፤ ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶ ናይትሮጂን ስለሚይዝ ውጤቱ በ6.25 ይባዛል።

ጥራቱን የሚወስኑት የአሚኖ አሲዶቹ ስብጥርና ፕሮቲኑ በትንሹ አንጀት የመፈጨት አቅሙ ናቸው። ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ በትልቁ አንጀቱ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከሚሠሩት ፕሮቲን የሚጠቀመው እጅግ ጥቂቱን ነው። ስለዚህ አስፈላጊዎቹ አሚኖ አሲዶች ከመኖው መገኘት አለባቸው።

ከእነዚህ አሚኖ አሲዶች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጥረው ላይሲን ነው። እሱ ካነሰ ሌሎቹ ቢትረፈረፉም ጡንቻ በሚገባ አይገነባም። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሥራ የሌለው አዋቂ ፈረስ በቀን 630 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ከዚያም ውስጥ 27 ግራም ያህል ላይሲን ያስፈልገዋል። በማደግ ላይ ያለ ውርንጭላና የምታጠባ ባዝራ፣ ከክብደታቸው አንጻር፣ ከዚህ የበለጠ ይሻሉ።

የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ ብዙ ቢሆንም ላይሲኑ አነስተኛ ነው፤ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ግን በላይሲን የበለጸገ ነው። ትርፍ ፕሮቲን ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል፤ ዩሪያውም ወደ አሞኒያ ይለወጣል። በየጊዜው በሚጸዳ ጋጣ ውስጥ ዓይን የሚቆጠቁጥ የአሞኒያ ሽታ ከበዛ የመኖውን ድብልቅ መፈተሽ ይገባል።