የቶርኖው የኋላ ራስ ለምን ይንሸራተታል?

በሐርጌሳ ከምንገኘው ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል በእንጨት ሥራ የሚተዳደሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ። የአልጋና የበርጩማ እግር፣ የረከቦት ቋሚ፣ ዘነዘና የመሳሰሉትን ክብ ሥራዎች በትንሽ የእንጨት ቶርኖ ማውጣት ይቻላል። ማሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ የባለ ሱቁ እንጂ የእኛ አይደለም። የእኛ የሆነው እጃችንና ዐይናችን ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ማሽኑንም እኛንም የሚያሰጋውን አንድ ብልሽት፣ ይኸውም የኋላ ራስ መንሸራተትን፣ ከነመንስኤውና ከነመፍትሔው እንመለከታለን።

ቶርኖው እንዴት ይይዛል?

ቶርኖ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። በግራ በኩል ሞተሩ የሚያዞረው የፊት ራስ ይገኛል። በቀኝ በኩል እንጨቱን በሹል ጫፍ ደግፎ የሚይዘው የኋላ ራስ አለ፤ በእንግሊዝኛ ቴይልስቶክ የሚባለው ነው። ሁለቱ የተቀመጡበት ረጅም ብረት አልጋ ይባላል። የኋላ ራስ እንደ እንጨቱ ርዝመት በአልጋው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። በቦታው የሚያቆመው ከአልጋው ሥር ያለ የመቆንጠጫ ብረት ነው። እጀታውን ስናዞር ቡሎኑ ይህን ብረት ወደ ላይ ይስበዋል፤ አልጋውም በመካከል ይቆነጠጣል።

ከዚህ የምንረዳው የኋላ ራስን የሚያቆመው ጥርስ ሳይሆን በትምህርት ቤት «ሰበቃ» ብለን የተማርነው የብረትና የብረት ፍትጊያ መሆኑን ነው። ሰበቃው ከቀነሰ የኋላ ራስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሸሻል፤ ሹሉ ከእንጨቱ ይወጣል፤ እንጨቱም ይፈናጠራል። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፊትን ቢመታ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም።

የተንሸራተተው የቱ ነው?

ምንም ነገር ከመፍታታችን በፊት የማሽኑን ባለቤት እናስፈቅዳለን፤ ሶኬቱንም እንነቅላለን። ከዚያም በሁለቱ ራሶች መካከል እንጨት አስገብተን የኋላ ራስን እናጠብቃለን። ከኋላው ራስ እግር ወደ አልጋው የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ እናሰምራለን። የእጅ መዘውሩን እንደ ወትሮው አጥብቀን መስመሩን እናያለን። መስመሩ ለሁለት ከተለያየ የተንሸራተተው የኋላ ራስ ራሱ ነው። መስመሩ ሳይለያይ ሹሉ ከላላ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ወይ ሹሉን የያዘው ቱቦ መቆለፊያው አልጠበቀም፣ ወይ እንጨቱ እርጥብ ወይም ለስላሳ ሆኖ ሹሉ እየሰመጠበት ነው። ይህን ሳይለዩ ቡሎን መፍታት ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ይቆጠራል።

አራት መንስኤዎች

አንደኛው ቆሻሻ ነው። የሐርጌሳን አቧራ ሁላችንም እናውቀዋለን። አቧራው ከእንጨት ሙጫ፣ ከሰምና ከግራሶ ጋር ሲደባለቅ ብረቱን ያሟልጨዋል። የአልጋውን ላይ መጥረግ ብቻውን አይበቃም፤ የመቆንጠጫው ብረት የሚይዘው ከሥር ነውና። ስለዚህ የኋላ ራስን እስከ ጫፍ ገፍተን እናወጣዋለን። አልጋውን ከላይም ከሥርም፣ የኋላውን ራስ መቀመጫና የመቆንጠጫውን ብረት በጨርቅና በጥቂት ነጭ ጋዝ እናጸዳለን። ዝገት ካለ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለን በቀስታ እናሻዋለን። በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ እናደርቃለን፤ በሚቆነጠጠው ቦታ ዘይትም ሆነ ግራሶ አንቀባም። ጋዝ የነካውን ጨርቅ ከእሳት እናርቃለን። የዋሄን ገበያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ከተቃጠለ ወዲህ እሳት ምን እንደሚያደርስ ለሐርጌሳ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው የዳዶው ቦታ ነው። የማሽኑ ንዝረት ዳዶውን ቀስ በቀስ ያላላዋል። ምልክቱ እጀታው ሳይጠብቅ መጨረሻው ላይ መድረሱ ነው። በደንብ የተስተካከለ እጀታ መንገዱን ሲያጋምስ መያዝ ይጀምራል፤ ከመጨረሻው ቀደም ብሎም ይቆልፋል። ሲፈታ ደግሞ የኋላ ራስ ሳይከብድ መሄድ አለበት። የ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን በተለመደው ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ዳዶው ስድስት ጎን ስላለው አንድ ጎን ማዞር ሩብ ሚሊ ሜትር ማጥበቅ ማለት ነው። በመሆኑም በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ እያዞርን እንሞክራለን። ዳዶው ደጋግሞ የሚላላ ከሆነ ሁለተኛ ዳዶ ደርበን እርስ በርሳቸው እናቆላልፋቸዋለን።

ሦስተኛው የመቆንጠጫው ብረት ነው። ብረቱን ገልብጠን ስናየው በሁለቱም ጠርዝ እኩል ካብረቀረቀ ደህና ነው። በአንድ ወገን ብቻ ካብረቀረቀ ዘንበል ብሎ እየያዘ ነው ማለት ነው። በመስተዋት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈን ገጹ እኩል እስኪሆን እናሻዋለን። የተጣመመ ሮንዴላ እንለውጣለን። የቡሎኑ ጥርስ ከተበላ በልኩና በጥርሱ ተመሳሳይ የሆነ፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ጠንካራ ቡሎን እንፈልጋለን። ቡሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሐርጌሳ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሥር የነበረች ከተማ ናት። ስለዚህ በቃል ከመጠየቅ አሮጌውን ዕቃ ይዞ ሄዶ ማሳየት ይሻላል።

አራተኛው የሠራተኛው አያያዝ ነው። የእጅ መዘውሩ በጥርስ የሚገፋ ስለሆነ ትንሽ ጉልበት ብዙ ኃይል ይሆናል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ደህናውን የኋላ ራስ እንኳ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እግሩን መቆለፍ፣ ሹሉ እንጨቱን እስኪይዝ መዘውሩን ማዞር፣ ከዚያም ቱቦውን መቆለፍ ነው። ሹሉ ከእንጨቱ ጋር የማይዞር ዓይነት ከሆነ ቀዳዳውን ሰም ወይም ሳሙና መቀባት እንዳይቃጠል ይረዳል።

የማይደረጉ ነገሮች

እጀታውን በመዶሻ መምታት ወይም ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም አይገባም። የትንሽ ቶርኖ አካል ብዙውን ጊዜ ጊዛ ብረት ነው፤ ጊዛ ደግሞ ሳይጎብጥ ይሰበራል፤ ብየዳውም አስቸጋሪ ነው። የተሰበረው ማሽን የሰው ንብረት በመሆኑ ዕዳው በሠራተኛው ላይ ሊመጣ ይችላል። እንዳይንሸራተት ብሎ አሸዋ መነስነስም አልጋውን ይፍቀዋል፤ ችግሩንም ያብሰዋል።

ከጥገና በኋላ

አዲስ መስመር በእርሳስ አስምረን እንጨቱን መጀመሪያ በእጅ እናዞረዋለን። ከዚያም በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ከእንጨቱ ትይዩ ሳይሆን ገለል ብለን ቆመን ለአንድ ደቂቃ እናስነሳዋለን። አጥፍተን መስመሩን እናያለን። ካልተለያየ ሥራ መጀመር ይቻላል። ሁልጊዜም የዐይን መከላከያ ማድረግ፣ ነጠላና ሻርፕ ማውለቅ፣ እጅጌን መሰብሰብ፣ ጓንት አለማጥለቅ ያስፈልጋል። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ማጥፋት አንርሳ፤ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ሳናስበው ይነሳልና።

ይህ ሁሉ ሥራ ጨርቅ፣ ጥቂት ጋዝ፣ አንድ የቡሎን ቁልፍና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት በየሳምንቱ መጨረሻ የአልጋውን ሥር መጥረግና የዳዶውን ጥብቀት ማየት ልማድ ይሁንልን። ሙያውን የምታውቁም አጠገባችሁ ለሚለማመዱት ወጣቶች አሳዩአቸው።