ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል

በፈረንጆቹ 2020 አጋማሽ ላይ አሌክስ ቢርሳን የተባለ የደህንነት ተመራማሪ ጀስቲን ጋርድነር ከሚባል የሙያ ባልደረባው ጋር ሆኖ የፔይፓልን ድክመት ይፈልግ ነበር። ሥራው በፈቃድ የሚሠራ ነው፤ ፔይፓል ቀዳዳ አግኝቶ ለሚነግረው ሰው ሽልማት ይከፍላል። በዚህ መሐል ጋርድነር ጊትሃብ ላይ ያገኘውን፣ ለፔይፓል የውስጥ አገልግሎት የተጻፈ ኮድ ላከለት። የቢርሳንን ቀልብ የሳበው ግን ከኮዱ ጋር አብሮ የነበረው ፓኬጅ ጄሰን የሚባለው ፋይል ነው።

ይህን ፋይል በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለፕሮግራሙ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ከነቨርዥን ቁጥራቸው ተዘርዝረው ይሰፍሩበታል፤ ኤንፒኤም የሚባለው ፓኬጅ ማውረጃ ዝርዝሩን አንብቦ አንድ በአንድ ያወርዳቸዋል። በፔይፓሉ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ዓይነት ስሞች ተቀላቅለው ነበር። ከፊሎቹ ማንም ሰው የሚያወርዳቸው የታወቁ ፓኬጆች ናቸው። የቀሩት በኩባንያው የውስጥ ሰርቨር ላይ ብቻ ያሉ ይመስላሉ። እነዚህኞቹ በይፋዊው የኤንፒኤም ማከማቻ ሲፈለጉ የሉም፤ ስማቸውን ማንም አልያዘውም። ታዲያ ሌላ ሰው በእነዚሁ ስሞች ፓኬጅ ቢያወጣ የፔይፓል ኮምፒውተሮች የትኛውን ይወስዳሉ?

መልሱ ያለው ፕሮግራሞች ኮድ በሚፈልጉበት ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ፓይዘንን እንውሰድ። ኢምፖርት የሚል መስመር ሲያጋጥመው፣ ከራሱ ጋር የተሠሩትን ጥቂት ሞጁሎች ትተን፣ መጀመሪያ የሚያየው ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ነው። ቀጥሎ ፓይዘን ፓዝ በሚባለው ማስተካከያ የተመዘገቡትን ፎልደሮች ያያል፤ ከዚያ ከቋንቋው ጋር የመጡትን ላይብረሪዎች፣ በመጨረሻም በኋላ ኢንስቶል የተደረጉትን። ቀድሞ ያገኘውን ይጭንና ፍለጋውን ያቆማል። ጀማሪ ተማሪ የመልመጃ ፋይሉን ራንደም ዶት ፓይ ብሎ ከሰየመው በኋላ የፓይዘኑ ራንደም አልሠራ የሚለው ለዚህ ነው፤ ፓይዘን የተማሪውን ፋይል ቀድሞ አግኝቶታል።

ያበሳጫል፤ ሕጉ ግን ግልጽ ነው። ፓኬጅ ከኢንተርኔት ሲወርድ ይህ ሕግ ይቀየራል። ፓይዘን ፓኬጅ የሚያወርድበት ፒፕ፣ ኤክስትራ ኢንዴክስ ዩአርኤል የሚባል ማስተካከያ አለው። ኩባንያዎች የውስጥ ሰርቨራቸውን አድራሻ እዚያ ያስገባሉ። ያስገባው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገምተው ፒፕ አስቀድሞ ወደ ውስጥ ሰርቨሩ ሄዶ ያጣውን ብቻ ከውጭ እንደሚያመጣ ነው። ፒፕ ግን ሁለቱንም ቦታ እኩል ያያል፤ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስብና የቨርዥን ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይመርጣል። ውስጥ ያለው 1.2.0 ቢሆንና አንድ የማይታወቅ ሰው በዚያው ስም 9000.0.0 ብሎ ይፋዊው ማከማቻ ላይ ቢያወጣ፣ የሚጫነው የማይታወቀው ሰው ኮድ ነው። ሰርቨር አልተሰበረም፣ የይለፍ ቃልም አልተሰረቀም።

ቢርሳን ይህን በተግባር ሊፈትን ጉዳት የማያደርስ ኮድ አዘጋጀ። ኤንፒኤም ፓኬጅ ሲጭን በፓኬጁ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ማንንም ሳይጠይቅ ያስኬዳል። የቢርሳን ትእዛዝ የተጠቃሚውን ስም፣ የኮምፒውተሩን ስምና ፓኬጁ ያረፈበትን ፎልደር መዝግቦ ይልካል። የቸገረው መላኩ ነበር፤ ትላልቅ ኩባንያዎች ከአውታራቸው የሚወጣውን ይቆጣጠራሉ። ያገኘው ዘዴ እስካሁን ያስደንቀኛል። መረጃውን ወደ ሄክስ ቀይሮ የአንድ ዶሜን ስም አካል አደረገው። ኮምፒውተሩ የዚያን ስም አድራሻ በዲኤንኤስ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ከሰርቨር ወደ ሰርቨር እየተላለፈ ቢርሳን ራሱ ወዳቆመው የስም ሰርቨር ይደርሳል። መረጃው በጥያቄው ውስጥ ተጽፎ ስለሚመጣ መልስ መላክ እንኳ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ስም ብቻ ነበር፤ ስም ደግሞ ሞልቷል። ማንኛውም ብራውዘር ከኩባንያዎቹ ድረ ገጽ በሚያወርዳቸው የጃቫስክሪፕት ፋይሎች ውስጥ የውስጥ ፓኬጆች ስም ተሰግስጎ ተገኘ። ቢርሳን በ2020 ሁለተኛ አጋማሽ፣ የሽልማት ፕሮግራም ያላቸውን ወይም ፈቃድ የሰጡ ኩባንያዎችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዶሜኖች በፕሮግራም አስፈተሸ፤ ሙከራውንም ወደ ፓይዘንና ወደ ሩቢ ማከማቻዎች አሰፋው።

ቀዳዳው ከ35 በላይ ድርጅቶች ውስጥ ተገኘ። ሾፒፋይ ክላውድ የሚል የሩቢ ፓኬጅ ባወጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሾፒፋይ ሲስተም በራሱ አወረደው፤ ኩባንያው በአንድ ቀን መፍትሔ አዘጋጅቶ 30,000 ዶላር ሸለመው። በኦገስት 2020 ያወጣው ሌላ ፓኬጅ በአፕል አውታር ውስጥ በበርካታ ኮምፒውተሮች ላይ ሠራ፤ ሌላ 30,000 ዶላር። ማይክሮሶፍት 40,000 ከፈለ። ቢርሳን ነገሩን በፌብሩዋሪ 2021 ይፋ አወጣው፤ ዲፔንደንሲ ኮንፊዩዥን የሚለውን ስምም ሰጠው።

ይፋ መውጣቱ ግን ቀዳዳውን አልደፈነውም። በዲሴምበር 2022፣ ከ25 እስከ 30 ባሉት ቀናት፣ ፓይቶርች የተባለውን የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ ዕለታዊ የሙከራ ቅጂ በሊኑክስ ላይ በፒፕ የጫኑ ሰዎች ቶርች ትራይተን የሚል ሐሰተኛ ፓኬጅ አብሮ ገባባቸው። እውነተኛው በፓይቶርች ሰርቨር ላይ ነበር፤ ሐሰተኛው በዚያው ስም ይፋዊው የፓይዘን ማከማቻ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐሰተኛው ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች መግቢያ የሆኑትን የኤስኤስኤች ቁልፎች ጭምር አንብቦ ያወጣው በዚያው በዲኤንኤስ መንገድ ነው።

እንዲህ ሲሆን ጥፋቱን በፕሮግራመሩ ላይ የሚጭኑ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ማስተካከያው ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ከሠራ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። በኋላ የመጡት መሣሪያዎችም ይህን የተረዱ ይመስላሉ፤ በ2024 የወጣው ዩቪ ፓኬጁን መጀመሪያ ባገኘበት ማከማቻ ይቆማል፣ ቁጥር ለማነጻጸር ወደ ሌላው አይሻገርም። በኤንፒኤም ደግሞ በፓኬጁ ስም ላይ የኩባንያውን ስም መጨመር ይቻላል፤ ሰውን ከነአባቱ ስም እንደ መጥራት ነው፤ የኩባንያውን ስም ኩባንያው ካስመዘገበው ሌላ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። የፓይቶርች ሰዎች የፓኬጃቸውን ስም ወደ ፓይቶርች ትራይተን ቀይረው፣ ሌላ እንዳይቀድማቸው አዲሱን ስም ይፋዊው ማከማቻ ላይ ራሳቸው ያዙት።

በፒፕ ለሚሠራ መመርመሩ ቀላል ነው፤ ፒፕ ኮንፊግ ሊስት ብሎ መጻፍና የሚመጣውን ማንበብ። ከዝርዝሩ ውስጥ ኤክስትራ ኢንዴክስ ዩአርኤል ካለ፣ የውስጥ ፓኬጆቹም ስም ይፋዊው ማከማቻ ላይ ካልተያዘ፣ ቢርሳን ያገኘው ቀዳዳ እዚያ ኮምፒውተር ላይም አለ። አድራሻውን ኢንዴክስ ዩአርኤል ወደሚለው አዛውሮ ፒፕ የውስጥ ሰርቨሩን ብቻ እንዲያይ ማድረግ፣ ከውጭ የሚመጣውንም በዚያው ሰርቨር በኩል የተፈቀደውን ብቻ ማሳለፍ ያስፈልጋል።