መተንፈሻው ይነቀል ሲባል

በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት በሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢገባ፣ ዘመድ አዝማዱ ከሆስፒታሉ በር አይጠፋም። አንዱ ይጸልያል፣ ሌላው ብር ያሰባስባል። ቀናት ሲገፉ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል፤ ማሽኑ ይቀጥል ወይስ ይነቀል? በአገራችን ይህን ብዙ ጊዜ የሚመልሰው የገንዘብ ማለቅ ነው። ቤተሰቡ «በራሳችን ፈቃድ ነው» ብሎ ይፈርምና ሕመምተኛውን ወደ ቤቱ ይወስዳል። እንዲህ ያለውን ፊርማ ፈቃድ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ የሕይወት ማቆያ ሕክምና ስለሚቋረጥበት ሁኔታ መደንገጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ምክንያቱም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በርኅራኄ ለገደለ ሰው የተለየ አንቀጽ የለውም፤ ራስን ለማጥፋት መርዳትንም በአንቀጽ 542 ያስቀጣል።

ቤተሰብ ከመጠየቁ በፊት ግን እውነቱ ሊነገረው ይገባል። አንጎሉ ከነግንዱ ጨርሶ የሞተ ሰው ደረቱ ከፍ ዝቅ የሚለው ማሽኑ አየር ስለሚሰጠው ነው። ልቡ ስለሚመታ ገላው አይቀዘቅዝም። እናት ያንን ሙቀት ዳስሳ «ልጄ አለ» ብትል ማን ይፈርድባታል? ሕክምናው ግን ይህን ሞት ይለዋል። የአንጎሉ ግንድ እየሠራ ራሱን ስቶ የቀረ ሰው ግን ሕያው ነው፤ ያለ ማሽን ሊተነፍስ፣ ዓይኑንም ሊገልጥ ይችላል። አሜሪካዊቷ ካረን አን ኩዊንላን እ.ኤ.አ. በ1975 ራሷን ሳተች። በ1976 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአባቷን አቤቱታ ተቀብሎ መተንፈሻው እንዲነቀል መንገድ ቢከፍትም፣ በራሷ እየተነፈሰች እስከ 1985 ቆየች። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ተመራማሪው አድሪያን ኦዌንና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ምንም አታውቅም ለተባለች ሴት «ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ» አሏት፤ አንጎሏ እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል ሲሠራ በምስል ታየ። እንግዲህ «ተስፋ የለውም» ለማለት መቸኮል ያስፈራል።

ሃይማኖትም ማሽኑን የግድ አያደርገውም። የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ከተለመደው ያለፈ ሕክምና ግዴታ እንዳልሆነ ለሐኪሞች ተናግረዋል፤ የዓለም አቀፉ እስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ1986 አማን ላይ የአንጎልን ሞት ተቀብሏል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የሒሳቡ ነገር ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ለድንገተኛ ሕክምና የመደበው እስከ 2,000 ብር ነበር። ይህ ገንዘብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ምን ያህል ቀን ያስተኛ ነበር? የጤና አዋጁ በሐዋሳ ትርጉም የሚኖረው ምርመራው በሌላ ሐኪም ሲደገም፣ ውጤቱ ለሽማግሌዎችና ለእናት በሲዳምኛም ሆነ በአማርኛ ሲነገር፣ በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ «አፊኒ» ተብሎ እንደሚጠየቀው ሁሉም መስማቱ ሲረጋገጥ ነው። ቤተሰቡ እስኪመክር ድረስ ያለውን የአልጋና የማሽን ሒሳብ ደግሞ መንግሥት ይክፈል።