ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሣም

ገዳማቱን ተሳልመው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚመለሱ መንገደኞችን የጫነች አንዲት የሞተር ጀልባ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው፤ የጣና ነፋስ መንፈስ ጀምሯል። ነጂው ለጥቂት ጊዜ ያጠፋውን ሞተር እንደገና ለማስነሣት ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ይዞራል፤ ግን አይነሣም። ደግሞ ይሞክራል፤ ያው ነው። ሞገዱ ጀልባዋን ወደ ጎን ይገፋታል፤ ተሳፋሪዎቹም እርስ በርስ መተያየት ይጀምራሉ።

በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው የታወቀ ነው። ባትሪው እስኪደክም ቁልፉን እናዞራለን፤ ቾኩን ደጋግመን እንስባለን፤ ካንዴላውን በአዲስ እንቀይራለን፤ በመጨረሻም ካርቡራተሩን እንፈታለን። ሞተሩ በዕድል ቢነሣ እንኳ የትኛው እርምጃ እንዳስነሣው አናውቅም፤ ስለዚህም በማግሥቱ ያው ችግር ሲመለስ ያው ግራ መጋባት አብሮ ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ ሌላ መንገድ እናሳያለን። የሚዞር ግን የማይነሣ ሞተር ዝም ያለ ሞተር አይደለም፤ በቅደም ተከተል ለሚጠይቀው ሰው መልስ ይሰጣል።

መዞር ራሱ መልስ ነው

ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር አዲስ ነገር አይደለም። የኖርዌይ ተወላጅ የነበረው አሜሪካዊው ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 እንዲህ ዓይነቱን ሞተር ለገበያ ካቀረበ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሞተሩ በእነዚህ ዓመታት ብዙ ቢሻሻልም በቤንዚን የሚሠራ ሁሉ እንዲነሣ የሚፈልጋቸው ነገሮች አልተለወጡም። እነርሱም ነዳጅ፣ አየር፣ በሲሊንደሩ ውስጥ በቂ እመቃ እና በትክክለኛው ቅጽበት የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሞተሩ አይነሣም።

እንግዲህ ሞተሩ በቁልፍ የሚዞር ከሆነ ብዙ ጥርጣሬዎች ከወዲሁ ይወገዳሉ። ሞተሪኖው ይሠራል፤ ባትሪው ቢያንስ ለማዞር የሚበቃ ኃይል አለው፤ ፒስተኑም አልተጣበቀም። ማርሹ ፎሌ ላይ ካልሆነ ጨርሶ እንዳይዞሩ ተደርገው በተሠሩ ሞተሮች ደግሞ የማርሹ ነገር ከጥያቄ ውጭ ነው። አንድ ነገር ግን ማስተዋል ይገባል፤ ሞተሩ በዝግታና በድካም የሚዞር ከሆነ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ በቂ ብልጭታ ላይፈጠር ይችላል። ስለዚህ «ይዞራል» ስንል በሚገባው ፍጥነት መዞሩንም ማለታችን ነው።

ከቀላሉ መጀመር

ጥሩ መርማሪ ምንም ሳይፈታ ሊያያቸው የሚችላቸውን ነገሮች በመጀመሪያ ያያል።

አንደኛው የደኅንነት ገመድ ነው። ይህ ገመድ በነጂው አካል ላይ ይታሰራል፤ ነጂው ወደ ውኃ ቢወድቅ ከማጥፊያው ተነቅሎ ብልጭታውን ያቋርጣል። ገመዱ በቦታው ካልገባ በብዙ ጀልባዎች ላይ ሞተሩ እንደ ልብ ይዞራል፤ ግን ፈጽሞ አይነሣም። በችኮላ የሚረሳውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የነዳጅ ገንዳው ክዳን ነው። ብዙ ተንቀሳቃሽ ገንዳዎች በክዳናቸው ላይ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳው ከተዘጋ ቤንዚኑ በወጣ ቁጥር ከበላዩ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በመጨረሻም የሞተሩ ፓምፕ ነዳጁን ሊስበው አይችልም። የዘይት ጀሪካን በአንድ ቀዳዳ ብቻ ሲቀዳ እየተቆራረጠ የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው በነዳጅ ቱቦው መሐል ያለው በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፓምፕ ነው። ጥቂት ጊዜ ሲጨመቅ መጠንከር አለበት። ሁልጊዜ ለስላሳ ከሆነ በአንድ ቦታ አየር ይገባል ወይም ነዳጅ የለም፤ ተጨምቆ ከቀረና ካልተመለሰ ደግሞ ከገንዳው በኩል መንገዱ ተዘግቷል።

ካንዴላው ሲመሰክር

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ደኅና ከሆኑ ወደ ካንዴላው እንሄዳለን። ለጥቂት ሰከንዶች ካዞርን በኋላ ፈትተን ጫፉን እንመልከት።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም ማለት ነው፤ ፍለጋው ወደ ቱቦው፣ ወደ ፊልትሮውና ወደ ካርቡራተሩ ይመለሳል። በቤንዚን የራሰ ከሆነ ግን ነዳጅ ደርሷል፤ ወይ ብልጭታው ጠፍቷል፣ ወይ ነዳጁ ከመጠን አልፏል። በዚህ ጊዜ ቾክ መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። ቾኩን መልሶ፣ ካንዴላውን አድርቆና ጥቂት ደቂቃ ታግሦ እንደገና መሞከር ይሻላል።

ብልጭታውን ለመፈተን ካንዴላው ከገመዱ ጋር ተያይዞ የብረት አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር እንዲነካካ ይደረግና ሞተሩ ይዞራል። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ደግ ምልክት ነው፤ ደካማና ቀላ ያለ ብልጭታ ወይም ጨለማ ግን ወደ ቦቢናውና ወደ ሽቦዎቹ ያመለክታል። ጥንቃቄ ይደረግ! የኤሌክትሪኩ ግፊት በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ካንዴላው በባዶ እጅ አይያዝም። የቤንዚን ሽታ ባለበት፣ ወይም ከተከፈተው የካንዴላ ቀዳዳ አጠገብ ብልጭታ መፍጠርም እሳት መጥራት ነው።

ነዳጅም ብልጭታም እያሉ ሞተሩ እንቢ ካለ ነዳጁ ራሱ ይጠየቅ። ከካርቡራተሩ ሥር ጥቂት ቤንዚን ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ ቀድተን ብናስቀምጥ፣ ውኃ ከተቀላቀለበት በግልጽ ይለያል። ቤንዚን ከውኃ የቀለለ ስለሆነ ውኃው ከታች ይዘቅጣል። ይህም ንጹሕ ከሆነ የቀረው እመቃው ነው፤ ያረጀ ፋሻ ወይም የተበላ ሲሊንደር መሆኑን የግፊት መለኪያ ይናገራል። ይህ ሥራ የወርክሾፕ እንጂ የሐይቅ ላይ አይደለም።

ከጣና ወደ ዳንግላና እንጅባራ

የጀልባ ሞተር ነገር አዊን አይመለከትም የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከዳንግላ አካባቢ የሚፈሱ ጅረቶች በግልገል ዓባይ በኩል ጣና እንደሚገቡ ሁሉ የሞተሩም ጥያቄ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው። በበጋ ወራት በወንዝ ዳር አትክልቱን ለሚያጠጣ ገበሬ ሞተር ፓምፑ አልነሣም ማለት ማሳው በጥማት ዋለ ማለት ነው።

ፓምፑ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ስለሚበቃ ሳይሠራ ይከርማል። በካርቡራተሩ ውስጥ የተረሳው ቤንዚን ቀላል ክፍሉ ይተንና ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል፤ ዝቃጩም ነዳጅ የሚያልፍባትን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መተላለፊያ ይደፍናል። በበጋው የመጀመሪያ ቀን ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ባለ አራት ምት ሞተሮች የዘይት መጠን ሲያንስ ብልጭታውን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። እንዲህ ያለው ፓምፕ በወንዙ ተዳፋት ላይ አዘንብሎ ከተቀመጠ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና መቆጣጠሪያው «ዘይት የለም» ብሎ ይፈርዳል። መድኃኒቱ አዲስ ካንዴላ ሳይሆን ዘይቱን አይቶ ፓምፑን ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ጋር ሲነጻጸር በጣና 81፣ በዳንግላ 77፣ በእንጅባራ 73 በመቶ ያህል ነው። በእንጅባራ ድንች ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደውም ግፊቱ ሲያንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው።

ይህ ለካርቡራተሩ ምን ማለት ነው? የሚገባው የአየር ክብደት ከአየሩ እፍጋት ጋር እኩል ይቀንሳል። በበርኑሊ መርሕ መሠረት ነዳጁን የሚስበው የግፊት ልዩነትም ከእፍጋቱ ጋር ይቀንሳል፤ የነዳጁ ፍሰት ግን የሚከተለው የግፊት ልዩነቱን ስኩዌር ሩት ነው። ሙቀቱ እኩል ነው ብለን ብናሰላ፣ በጣና አየሩ ወደ 81 በመቶ ሲወርድ ነዳጁ የሚወርደው ወደ 90 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ድብልቁ ለባሕር ጠለል ከተስተካከለው በ11 በመቶ ያህል በነዳጅ ይበለጽጋል፤ በእንጅባራ ደግሞ በ17 በመቶ ያህል። በከፍታችን ላይ ቾክ ሲበዛ ሞተሩ ቶሎ በነዳጅ የሚጥለቀለቀውና ካንዴላው ጥላሸት የሚይዘው በዚህ ነው።

ሆኖም ከፍታውን በችኮላ መክሰስ አይገባም። ሞተሩ ትናንት በዚሁ ስፍራ ተነሥቶ ከነበረ ዛሬ ላለመነሣቱ ከፍታው ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ከፍታው ትናንትም ነበረና። መርማሪው ዘወትር ሊጠይቀው የሚገባው «ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ ነው።

ከሞተሩ በፊት ሰው

ወደ ጀልባችን እንመለስ። ነጂው የሞተሩን ክዳን ከመክፈቱ በፊት ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ተሳፋሪዎቹ ተቀምጠው የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ይልበሱ፤ ጀልባዋ እንዳትነዳ መልሕቅ ይጣል፤ መቅዘፊያውም ይዘጋጅ። ከዚያም ገመዱን፣ የክዳኑን ቀዳዳና የጎማውን ፓምፕ በየተራ ይመልከት። ይህ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ውጤቱንም ሳያይ ወደ ሌላ አይሻገር። ቁልፉንም በየመሐሉ እያሳረፈ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ያዙር፤ አለበለዚያ ጉድለቱ ሲገኝ ማስነሻ ባትሪ አይኖርም።

በቤተ ሙከራ አንዱን ነገር እየለወጥን ሌላውን ሁሉ እንዳለ የምንተወው ስለ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ፣ መልሱን በጣና መሐል ከቆመችው ጀልባ ያገኘዋል። ነፋሱ ሳይበረታ ወደብ የሚያደርሰው ይህ ሥርዓት ነውና።