የጎመን ምንቸት ይመለስ፦ የመስቀል ማዕድና የእንግዶቻችን ጤና



ክረምቱ አልቆ መስከረም ሲጠባ በብዙ ቤት «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ይህ አባባል ከሁለት ሸክላዎች ያለፈ ነገር ይነግረናል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይጎድላል፤ አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ነው፤ ቤተሰቡን የሚያሻግረው ዝናብ ያለመለመው ጎመን ነው። ስለዚህ የጎመን ምንቸት መውጣት የችግር መውጣት ነበር። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ዛሬ በከተማ ከወዳጆቻችን ጋር በምንቋደሰው የመስቀል ማዕድ ላይ የጎመን ምንቸት በክብር ሊመለስ ይገባዋል እላለሁ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥጋና ቅቤ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚቀምስ ገበሬ የበዓሉ ማዕድ የጎደለውን የሚሞላ ነበር። ዛሬ ከማዕዱ ዙሪያ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ሥጋን በአዘቦት ቀን ይበላሉ፤ ቀኑንም ተቀምጠው ይውላሉ። ከመካከላቸው የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ይኖራል፤ ሕመሙንም ላይናገር ይችላል። በዓሉ መስከረም 17 ቀን እንደ ጥንቱ ይውላል፤ የተለወጠው የተመጋቢው አኗኗር ነው።

የጉራጌን የመስቀል ማዕድ እንመልከት። ክትፎ፣ ጎመን፣ አይብና ቆጮ በአንድነት ይቀርባሉ። ይህ ጥምረት ጥበብ አለው። ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ይህን ጉድለት አይብና ሥጋ ይሞላሉ። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ ጥቂት ነው። ጎመኑ ደግሞ አሰርን፣ ፎሌትን፣ ቫይታሚን ሲንና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ካሮቲን ይለግሳል። ካሮቲን ወደ ሰውነት የሚሰርገው ከቅባት ጋር ሲበላ በመሆኑ ጎመንን በጥቂት ቅቤ ማሸት ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ክትፎው ትሪውን ሞልቶ ጎመኑ የዳር ጌጥ ሲሆን ነው።

ልኩን በቁጥር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ፣ ጨውም ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ እንዳያልፍ ይመክራል። የሚረጋ ቅባት ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ይህም 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ያህል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የነጠረ ቅቤ ብቻውን ከ8 እስከ 9 ግራም ይይዛል። ሦስት ማንኪያ ከተጨመረ የቀኑ ልክ አልፏል። ስለዚህ ቅቤው በግምት አይፍሰስ፤ በማንኪያ ይለካ። ሚጥሚጣም ጨው ስላለበት ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቅረብ፤ እያንዳንዱ የሚሻውን ያህል ይውሰድ።

ስለ ጥሬ ሥጋ ሳልናገር ባልፍ ኃላፊነቴን አልተወጣሁም። የኮሶ ትል እጭ በከብት ጡንቻ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ጥሬ ሥጋ በበላ ሰው አንጀት ውስጥም አድጎ ብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል። የቄራ ምርመራ አደጋውን ይቀንሳል፤ ጥቂት እጭ ያለበት ሥጋ ግን ሊያመልጠው ይችላል። በክትፎ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሥጋ ሲከተፍ በገጹ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይደባለቃል። ለተከተፈ ሥጋ የሚመከረው የውስጥ ሙቀት 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለብለብ እዚህ አይደርስም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ማዕድ የበሰለው ክትፎ ለሁሉም ይቅረብ እንጂ ለእነርሱ ተለይቶ አይምጣ፤ ተለይቶ መቅረብ በራሱ ያሸማቅቃልና።

መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ማዕዱ የጾም ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. ዓርብ እንደ ዋለ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ የዱባ ወጥ፣ በጥቂት ዘይት የተሠራ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ይቀርባሉ። ጥራጥሬና እንጀራ ሲጣመሩ ፕሮቲናቸው ይደጋገፋል። በፍስኩም ቀን ቢሆን ከእነዚህ ሁለቱን ከክትፎው ጎን ማስቀመጥ ማዕዱን ያሰፋዋል፤ ሥጋ የማይበላ ወዳጅም ባይተዋር አይሆንም።

በተግባር የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በትሪው መካከል በደቃቁ የተከተፈው ጎመን ክትፎ በብዛት ይቀመጥ፤ አይቡ ጨው ሳይበዛበት በኮሰረት ተሽቶ ይከተል፤ የበሰለው የሥጋ ክትፎ በልኩ ይታከል። ቆጮና እንጀራ ሁለቱም ስታርች ስለሆኑ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አንዱን መርጦ ጥቂት ይውሰድ። ከጠላውና ከጠጁ ጎን ንጹሕ ውኃ አይታጣ።

በመጨረሻ ስለ ጉርሻ አንድ ቃል ልበል። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ «በሞቴ» ሲጨመርበት ግን እንቢ ማለት የማይቻልበት ትእዛዝ ይሆናል። ሐኪም የከለከለውን ወዳጅ ሕመሙን በሰው ፊት እንዲያስረዳ ወይም ጤናውን አሳልፎ እንዲሰጥ እናስገድደዋለን። አንድ ጊዜ ጋብዘን «በቃኝ» ሲለን መቀበል ንፍገት አይደለም፤ እንግዳን ማክበር ነው። ደግሞም ጉርሻው የጎመን ቢሆን ምን ነውር አለው? «ጎመን በጤና» ያለውም ይኸው ሕዝባችን ነው።