የዓይን ሕክምና ዘመቻ፦ ለሚሄደውም ለሚታከመውም



በውጭ አገር የሚኖሩ የጤና ባለሙያ ወንድሞችና እህቶች የዓመት ዕረፍታቸውን ሰውተው ወደ አፍሪካ፣ በተለይም ወደ አገር ቤት እየመጡ በሆስፒታሎች በነፃ ሲያገለግሉ እናያለን። ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም በጎ ኒያ ብቻውን ሕመምተኛን አያድንም። ዘመቻው በሚገባ ካልተዘጋጀ የሚጎዳው መጥቶ የሚመለሰው ሐኪም ሳይሆን እዚያው የሚቀረው ሕመምተኛ ነው። በዛሬው ዓምዳችን የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻን እንደ ምሳሌ ወስደን፣ የሚጓዘው ባለሙያም ሆነ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ማወቅ የሚገባውን እንመለከታለን።

የዓይን ሞራ ምንድን ነው?

ከዓይናችን ብሌን በስተጀርባ እንደ መስተዋት የጠራ ሌንስ አለ። ሥራውም ብርሃንን ሰብስቦ በዓይን የውስጠኛው የኋላ ክፍል ላይ ማሳረፍ ነው። ይህ ሌንስ ሲደፈርስ ብርሃን ማሳለፍ ይሳነዋል። መጀመሪያ ዕይታ እንደ ጭጋግ ይሆናል፤ ቆይቶም ቀንና ሌሊትን ከመለየት በቀር ምንም የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል። ዋነኛው ምክንያት ዕድሜ ሲሆን፣ የስኳር በሽታ፣ በዓይን ላይ የሚደርስ አደጋ፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ለረጅም ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ የስቴሮይድ መድኃኒቶችም ያፋጥኑታል። አንዳንድ ሕፃናትም አብሯቸው ይወለዳል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ የሚገኘው ትራኮማ ነው። ይህ ማለት በጥናቱ ወቅት ከሁለት ዓይነ ስውራን አንዱ በቀዶ ሕክምና ማየት ይችል ነበር ማለት ነው።

በየመንደሩ ግን ሁኔታው ሌላ መልክ አለው። አንዲት አያት ዓይናቸው ሲጋረድ “እርጅና ነው፣ የአላህ ቀደር ነው” ብለው ይቀመጣሉ። በበትር የምትመራቸው የልጅ ልጃቸው ትምህርቷን ታቋርጣለች። በመሆኑም አንድ የዓይን ሞራ የሁለት ሰው ሕይወት ያስራል። ሕክምና መፈለግ በአላህ ከመመካት ጋር እንደማይጋጭ ዑለሞቻችን ዘወትር የሚያስተምሩት ጉዳይ በመሆኑ፣ እኚህን እናት ወደ ሐኪም መውሰድ የቤተሰቡ ኃላፊነት ነው።

ጠብታ፣ መነጽርም ሆነ ምግብ የደፈረሰን ሌንስ መልሶ አያጠራም። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ባህላዊ አካሚዎች ሌንሱን በመርፌ ገፍተው ወደ ዓይን ውስጥ ይጥሉታል። ሕመምተኛው ለጊዜው ያየ ቢመስለውም ብዙዎች ኋላ በኢንፌክሽን ወይም በዓይን ግፊት ዓይናቸውን ለዘለቄታው ያጣሉ። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ረከሰ?

የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ የመተካት ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ በእንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። ሪድሊ በጦርነቱ ወቅት የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክም፣ ዓይን ይህን ፕላስቲክ እንደሚታገሰው አስተውሎ ነበር። ነገር ግን ሌንሱ ለብዙ ዓመታት ከ100 ዶላር በላይ ስለሚያወጣ ለድሃ አገሮች የማይታሰብ ሆኖ ቆየ። በ1990ዎቹ በሕንድ አውሮላብ፣ በኔፓል ደግሞ ቲልጋንጋ የዓይን ማዕከል በጥራት ማምረት ሲጀምሩ ዋጋው ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ።

ከቲልጋንጋ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ኔፓላዊው ዶክተር ሳንዱክ ሩይት ስፌት የማያስፈልገው፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚከናወን ቀዶ ሕክምናን በሰፊው ያስፋፉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከአሜሪካዊው ዶክተር ጄፍሪ ታቢን ጋር የሂማሊያ የዓይን ሞራ ፕሮጀክትን መሠረቱ። ይህ ድርጅት በኢትዮጵያም ዘመቻዎችን ያካሄደ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል በሐረር አቅራቢያ በሚገኘውና ቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ በነበረው ቢሲዲሞ ሆስፒታል የተደረጉት ይጠቀሳሉ።

በዘመቻ ወቅት ምን ይደረጋል?

ሥራው የሚጀምረው ሐኪሞቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። የጤና ባለሙያዎች በየወረዳው እየዞሩ ጣት በማስቆጠርና ዓይንን በባትሪ በማየት ሕመምተኞችን ይለያሉ። የተመረጡት ወደ ሆስፒታል ይመጣሉ፤ የደም ግፊትና የስኳር መጠናቸው ይመረመራል። ከዚያም በዓይን ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋል። ልምድ ያለው ሐኪም ቀዶ ሕክምናውን በ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ዓይን ተሸፍኖ ያድርና በማግሥቱ ይገለጣል።

ይሁን እንጂ ለምርመራ ከመጡት ሁሉ ቀዶ ሕክምና የሚጠቅመው ከፊሉን ነው። ግላኮማ የዓይን ነርቭን ከገደለ በኋላ ቀዶ ሕክምና ዕይታን አይመልስም። ስለሆነም ተስፋ ሰንቀው ሩቅ መንገድ ተጉዘው የመጡ ሰዎች “አይቻልም” የሚል መልስ ይሰማሉ። ይህን እውነት በሚገባቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በሶማልኛ፣ በአክብሮት የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። የሕክምና ሙያ የሌላቸው ግን ቋንቋውን የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች ትልቅ አገልግሎት የሚሰጡት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ጉዳይ የዘመቻ መለኪያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው “ይህን ያህል ሰው ተሠራለት” የሚለው ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መመዘኛ ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ የሚሆኑት ጥሩ ዕይታ እንዲኖራቸው፣ ውጤቱ ደካማ የሚሆንባቸውም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆኑ ነው። ይህን ለማወቅ ሕመምተኛው ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መታየት አለበት። እንግዳው ሐኪም በዚያን ጊዜ አገሩ ገብቷል። ስለዚህ ጥሩ ዘመቻ ማለት የሆስፒታሉን ሐኪሞችና ነርሶች አብሮ የሚያሠራና የሚያሠለጥን፣ ክትትሉንም ለእነርሱ በሥርዓት የሚያስረክብ ነው።

ለሚጓዙ ወገኖች

1ኛ/ ከሆስፒታሉ ጋር ቀድሞ መነጋገርና የሚያስፈልገውን መጠየቅ ይገባል። የሙያ ፈቃድና የመድኃኒት ማስገቢያ ፈቃድ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ሳይገኝ መነሳት ተገቢ አይደለም።

2ኛ/ መድኃኒት ሲወሰድ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ የቀረው መሆን አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት መስጠት ሰደቃ ሳይሆን ለተቀባዩ የማስወገድ ሸክም ነው። መለዋወጫ የማይገኝለት መሣሪያም እንዲሁ።

3ኛ/ ክትባትን ከጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ማጠናቀቅ ጥሩ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ፣ የታይፎይድና የቴታነስ ክትባቶች ሊዘነጉ አይገባም። የቢጫ ወባ ክትባት ከመነሳት ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ ይኖርበታል።

4ኛ/ “እዚያው ያደግኩ ስለሆንኩ ወባ አይነካኝም” የሚሉ ወገኖች ብዙዎች ናቸው። ይህ አደገኛ ስህተት ነው። በወባማ አካባቢ ያደገ ሰው የነበረው የመቋቋም ኃይል ከአካባቢው ርቆ ሲኖር ይዳከማል። በቤት ያደረ ክሎሮኪን ይዞ መሄድም በአገራችን ለሚገኘው ፋልሲፓረም ለተባለው አደገኛ የወባ ዓይነት አያገለግልም። ሐኪም የሚያዝዘውን መከላከያ መውሰድና በአጎበር መተኛት ያስፈልጋል። ከተመለሱ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ትኩሳት ከያዘዎት ወባማ አካባቢ እንደነበሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

5ኛ/ በሥራ ላይ መርፌ የወጋው ባለሙያ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ለታካሚ ቤተሰቦች

ዓይን ከተገለጠ በኋላ ሥራው ወደ ቤተሰቡ ይዞራል። የታዘዘው ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሳምንታት ያህል ይቀጥላል። “ዳንኩ” ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ጠብታውን የሚያደርገው ሰው እጁን ይታጠብ፤ የጠርሙሱም ጫፍ ዓይንን አይንካ። ዓይንን ማሸት፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ጭስና አቧራ ውስጥ መቀመጥ መወገድ አለበት።

አረጋውያን ዘወትር የሚጠይቁት ስለ ዉዱእና ስለ ሱጁድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ ወደ ተሠራው ዓይን እንዳይገባና ጎንበስ ማለት እንዳይበዛ ሐኪሞች ይመክራሉ። ሐኪሙ የወሰነውን የቀን ብዛት ጠይቃችሁ፣ በእነዚያ ቀናት እንዴት መታጠብና መስገድ እንደሚቻል ኢማማችሁን አማክሩ። ሃይማኖታችን ለታመመ ሰው ማቅለያ አለውና በግምት ራስን መጉዳት አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ የተሠራው ዓይን ቢያም፣ ክፉኛ ቢቀላ ወይም የተመለሰው ዕይታ ዳግም ቢቀንስ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው። በዓይን ውስጥ የሚነሳ ኢንፌክሽን በጥቂት ቀናት ዓይንን ያጠፋልና። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ያለ ሕመም ቀስ በቀስ የሚመጣ ጭጋግ ግን ከተተካው ሌንስ በስተጀርባ ያለው ስስ ሽፋን በመደፍረሱ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በሌዘር በቀላሉ ይስተካከላል።

ውድ አንባቢያን፣ ወደ ዘመቻ መሄድ የሚችል ይሂድ፤ ተዘጋጅቶ ይሂድ። መሄድ የማንችል ደግሞ ከዛሬው ጁሙዓ በኋላ በጎረቤታችን ውስጥ በበትር የሚመሩ አዛውንት መኖራቸውን እንጠይቅ። በመርፌና በፕላስቲክ የሚመለሰውን ዕይታ ብዙዎች የሚያጡት ወደ ሐኪም የሚወስዳቸው ሰው በማጣት ነው። አላህ ጤናና ዓፊያውን ያልብሰን።